የሰውየው ጋቢ

ልጄ ኢያኤል፣

ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ስለገባ ወደ ታቦር ተራራ ለጸሎት ስንሄድ ባጃጅ እንቢ እያለን በጭቃው በእግር ነው የምንወጣው።

የላክሽውን ሥዕል ሳላየው ነበር ስልኩን ለጸሎት እህቶቼ ያቀበልኳቸው፤ አፈርኩልሽ! ሥነ ጥበብ እማራለሁ ስትዪኝ ሐይቅና አበባ የምትስዪ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ ሽማግሌ ክፍላችሁ ገብቶ ራቁቱን የሚቀመጥላችሁ መቼ መሰለኝ? ከእነሱ አንዷ ታቢታ ዓይኗን ከጨፈነች በኋላ፣ «እዚያ አገር በረዶ አይደል እንዴ? ሰውየው አይበርደውም?» አለች። ከዚያ ወዲህ እንጸልይለታለን።

አባትሽ ግን «ለዚህ ነው የላክናት?» ብሎ ተቆጥቶ ሰነበተ። እኔን ደግሞ እንቅልፍ የነሳኝ የሰውየው የጎድን አጥንት ነው። እንዲህ ያለ ክሳት ከየት አወቅሽው? ትበያለሽ ወይ ልጄ?

የአክስትሽ ልጅ ማቴዎስ ወደ አንቺ ሲመጣ የሚይዝልሽን ሹራብ ትናንት ስጠቀልል፣ አባትሽ የገዛ ጋቢውን አምጥቶ ላዩ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ የሰውየው ነው» አለኝ።

ጌታ ፊቱን ያብራልሽ። እባክሽ ሽማግሌውን ጋቢውን አልብሺውና እንደገና ሳዪው። እሱን ሳሎን እንሰቅለዋለን፤ ምስማሩን አባትሽ ከአሁኑ መትቶታል።

እናትሽ