ኳሱ ያስረዘመው ልጅ

ድሬዳዋ ለሚኖረው ለወንድሜ ለቲጃኒ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የድሬው ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ሄርማታ ሰፈር ዝናቡ አላባራ ብሎን እንጂ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ልጄ ሳኒ የትምህርት ቤቱ መረብ ኳስ ቡድን ገባልህ። እኔማ ትምህርቱ ገደል ገባ ብዬ ነበር። ለካ አሰልጣኙ መምህር ፈይሳ፣ ፈተና የወደቀ ኳስ አይነካም የሚል ሕግ አላቸው! ከኳሱ እንዳይለይ ሲል ሒሳብ ማጥናት ጀመረ። አምና ከክፍሉ ሠላሳኛ የወጣው ልጅ ዘንድሮ ሰባተኛ ሆነ። መምህሩም፣ “የሳኒ እናት፣ ይሄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል” አሉኝ። ኢንሻአላህ።

ልምምድ ሲያመሽ እሳቸው ራሳቸው እስከ በራችን ያደርሱታል። ዩኒፎርሙን ማታ አጥቤ ከሰል ላይ አደርቅለታለሁ፤ ጁምዓም የሚሄደው እሱኑ ለብሶ ነው። “እማዬ፣ ሰው ይስቅብኛል” ይላል። ይሳቁ፤ ተማሪ መሆኑ ይታይ።

የጎረቤታችን የእታገኝ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ገበያ ነበር የሚውለው። ባለፈው ከሌሎች ጎረምሶች ጋር አፍሰው በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ አሁን ገበያውም ላይ የለም። እናቱ ቤቱ ከብዷት እኛ ጋ ነው የምታድረው።

የሳኒ ቁመት አንተን አልፏል፤ ኳሱ መሰለኝ ያስረዘመው። የቀበሌ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር ዕድሜውን ይጠይቁኛል። አሥራ አምስት ነው እላቸዋለሁ።

ሚስትህንና ልጆችህን ሳምልኝ። አላህ ሁላችንንም ሳያጎድል ለዒድ ያገናኘን።

እህትህ ዙቤይዳ

ስትመጣ የኳስ ጫማ አምጣለት፤ ቁጥሩ አርባ አራት ነው። ባለሱቁ ገርሞት ስንት ዓመቱ ነው ካለህ፣ አሥራ አምስት በለው።