የቼንግዱ ቶፉ

ጥቅምት 19፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ቻይና፣ ቼንግዱ ሳስተምር አንዲት አሮጊት ቤት ተከራይቼ ነበር፤ እማማ ነው የምላቸው። ገና በመጀመሪያው ራት ዓሣ በቾፕስቲክ አንስተው ወደ ሳህኔ ሲዘረጉ፣ ጉርሻ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ። በሳቅ ፍርስ ብለው አጎረሱኝ። ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ከነገርኳቸው በኋላማ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልዘነጉም፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ በርበሬው የሚያቃጥል ቶፉ ሠርተው ይጠብቁኛል። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

ዛሬ ከእህቴ ጋር ምሳ ወጣን። በርገሬን ስገምጥ፣ "ቺዝ አስጨምርበት እንጂ፣ ከስተሃል እኮ" አለችኝ። አስጨመርኩ። በልቼ ስጨርስ ስልኬን ብከፍት፣ እማማ ጠዋት የላኩልኝ የቶፉ ፎቶ ጠበቀኝ።

"ዛሬ ረቡዕ አይደል? አንተስ ምን በላህ?"

ለእህቴ አሳየኋት። ሁለታችንም አፋችንን በሶፍት ጠረግን።