ፊደል ሲያጠጋጉ የኖሩት የአቶ ቀናው ሰይፈሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀናው ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ሰይፈሥላሴ አንዳርጌ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም መንገሻ በጥቅምት ወር 1959 ዓ.ም. አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች መንደር ተወለዱ። አባታችን የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። «አባታችን፣ እናታችን» የምለው እኔ ታናሽ እኅታቸው ብዙወርቅ ነኝ። የዕድራችን ዳኛ «ከአንድ ቅጠል ወረቀት እንዳይበልጥ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ደክሞኛልና ከበለጠም ቻሉኝ። ወንድሜ በመጨረሻ ዘመናቸው የፈለጉት አንድ ሰው እንዲያምናቸው ብቻ ነበር፤ እሱን ሳልናገር ወረቀቱን አላጥፈውም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ አቃቂ ተምረው በ1977 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በዓመቱ የታይፕ ሥልጠና ወስደው እናታችን በሚሠሩበት ፋብሪካ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። «ወንድ ልጅ ታይፕ ይመታል እንዴ?» እያሉ የሚያሾፉባቸው የሰፈር ጎረምሶች ነበሩ። ኋላ ማመልከቻ ሲያስፈልጋቸው አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡት እነሱው ነበሩ፤ ወንድሜም ቂም ሳይዙ ይጽፉላቸው ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሃዊ ኦላና ጋር ጋብቻ መሥርተው ሉላንና ሶሬሳን ወለዱ። አማታቸው አቶ ኦላና ድግስ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። «እህል አባክኖ ሰው ማስጨፈር ምንድን ነው?» ብለው የልጃቸውን ሠርግ በቤተ ዘመድ ምሳ ጨረሱት። እናታችን «ልጄን እንደ ሌባ በጓሮ ዳሩብኝ» እንዳሉ ነው የሞቱት። አቶ ኦላና ግን ድምፃቸውን ሳያሰሙ የስንቱን ጎረቤት ልጅ ደብተር ገዝተው አስተምረዋል፣ ስንቱን በሽተኛ በጀርባቸው አዝለው ሐኪም ቤት አድርሰዋል። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቁ በሠርጉ ጉዳይ አንድም ቀን ቅር አላላቸውም።

ፋብሪካውን በፈቃዳቸው ከለቀቁ በኋላ ኮምፒውተር ተማሩና በ1991 ዓ.ም. ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር የጽሕፈት ቤት ከፈቱ። እኔም አብሬያቸው ገባሁ። የእስረኛ ጠያቂ አቤቱታ ያስጽፋል፣ ሙሽራ የጥሪ ካርድ ያሠራል፣ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን ያሳትማል። ከሁሉም የሚበዛው ግን ይኸው ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት ዓይነት የሕይወት ታሪክ ነበር። የስንቱን ሟች ዕድሜ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አጠፍን! አሁን የገዛ ወንድሜን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ሥራቸውን ለማታውቁ ላስረዳ። ወረቀቱ ለሁለት የሚታጠፍ አንድ ቅጠል ነው፤ ቤተሰብ የሚያመጣው ጽሑፍ ደግሞ አንድ ደብተር ያክላል። ሌላ ቤት «ይቆረጥ» ይባላል። ወንድሜ መቁረጥ አይሆንላቸውም ነበር፤ «የሰው ዕድሜ ነው፣ ምኑን ልቁረጥ?» ይላሉ። ስለዚህ በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ርቀት በኮምፒውተሩ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ መስመሩን ይሰበስቡታል። ከወረቀቱ ተርፎ ታች የተንጠለጠለ የልጅ ልጅ ስም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገባል። በለጋነቱ የተቀጨ ልጅ ሲሆን ደግሞ ታሪኩ አጭር ነውና፣ ወረቀቱ ባዶ መስሎ እናቱን እንዳያስለቅስ ፊደሉን ያራርቁለታል።

በግንቦት ወር 2005 ዓ.ም. አቶ ኦላና ዐረፉ። ታላቁ የሃዊ ወንድም አቶ ወልደገብርኤል፣ በቱሉ ዲምቱ መስመር ሚኒባስ የሚያሽከረክሩት፣ ጽሑፉን ይዘው መጡና «አንዲት ቃል እንዳትቀንስ» አሏቸው። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ነበር። ወንድሜ አልቀነሱም፤ አጠጋጉት። እንዲህ ሲጠጋጋ ግን በቃልና በቃል መካከል ያለችው ክፍተትም አብራ ትጠባለች። አቶ ወልደገብርኤል የጻፉት «አቶ ኦላና ለጎረቤት ሁሉ ደግ ሰው ነበሩ» የሚል ነበር። በ«ደግ» እና በ«ሰው» መካከል ያለችው ክፍተት ተዘጋች። በቀብሩ ላይ አንባቢው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ለጎረቤት ሁሉ ደግሰው ነበሩ» ብለው አነበቡት።

ድግስ የማያውቁት አቶ ኦላና! ከኋላ አንዲት ባልቴት «ውይ! መቼ? እኛን ሳይጠሩን?» አሉ። ጉድ ፈላ። ሕዝቡ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ አስከሬን ፊት ተሳቀ። ሃዊ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

አቶ ወልደገብርኤል ከመቃብሩ ሳይርቁ ወንድሜን ያዙዋቸው። «ሠርግህ ላይ አልተደገሰልኝም ብለህ ስንት ዘመን ቂም ቋጥረህ፣ የአባቴ ሬሳ ላይ አላገጥክ!» አሏቸው። ወንድሜ «ኧረ በእመቤቴ! ፊደሉ ተጠጋግቶብኝ ነው» ቢሉ ማን ይሰማቸዋል? «ፊደል ተጠጋጋ ብሎ ነገር!» ተባሉ። በእርግጥ ሙያውን ለማያውቅ ሰው የውሸት ሰበብ ይመስላል።

በማግሥቱ አስተካክለው እንደገና አትመው ለቅሶ ቤቱ ወሰዱ፤ የተቀበላቸው የለም። ሽማግሌ ተላከ። አቶ ወልደገብርኤል «ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት ይበልና ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ የዚያኑ ቀን ይቅር እለዋለሁ» አሉ። ወንድሜ «ስለ ስሕተቱ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ ሆን ብዬ ነው ግን አልልም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ታከታቸው። እኔም «ጋሼ፣ በሉና ይለፍ እንጂ!» ብያቸው ነበር። «ብዙዬ፣ ሃዊ ይህን ሰምታ እንዴት አብራኝ ማዕድ ትቀርባለች? አባቷ ላይ የቀለደ ባል ሊኖራት ነው?» አሉኝ።

እንዲሁ ዓመታት አለፉ። በየበዓሉ ሃዊ በሁለት ቤት መካከል ሲባክኑ ኖሩ። ሉላ ስትዳር የእናቷ ወገን መቀመጫ ባዶውን ዋለ። ወንድሜ የዚያን ዕለት እየሳቁ እንግዳ አስተናገዱ፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን «ደከመኝ» ብቻ አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚሠሩት ጽሑፍ ሁሉ ቃልና ቃል እንዳይጋጠም እንደ ጥንቱ ሁለት ነጥብ ያስገቡበት ጀመር። የሠርግ ካርድ ላይ ሳይቀር! ሙሽሮቹ «ጋሼ፣ ይሄ የቅዳሴ መጽሐፍ ነው እንዴ?» እያሉ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ብለምናቸው፣ ብቆጣቸው አልሰሙኝም። እኔ ዛሬ ሁለት ነጥቡን ትቼዋለሁ፤ ወረቀቱ አልበቃ አለኝ፣ ይቅር በሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት የኩላሊት ሕመም ጠናባቸው። ሐኪም ቤት መመላለሱ በታክሲ ሰልፍ የሚቻል አልሆነም። ሃዊ ጨንቋቸው ወንድማቸው ጋር ደወሉ። አቶ ወልደገብርኤል መጡ፤ መኪናቸውን ከመስመር አውጥተው በየቀጠሮው ያመላልሷቸው ጀመር። ደግፈው ያወጧቸዋል፣ ደግፈው ያስገቧቸዋል። ያ ነገር ግን አይነሳም። አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ጋ መንገድ ተዘግቶ ቆመን፣ ወንድሜ «ወልዴ፣ ያቺ ጽሑፍ እኮ…» ብለው ጀመሩ። «ተወው ቀናው፣ አሁን መንገዱን ልይበት» አሏቸው። መኪናው እንደ ቆመ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱትም። መታመን አለመታመናቸውን ሳያውቁ ነው የሄዱት።

አቶ ቀናው ሰይፈሥላሴ በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሃዊ ኦላናን፣ ልጆቻቸውን ሉላንና ሶሬሳን፣ እኔን እኅታቸውን እና ወንድማቸውን አቶ ወልደገብርኤል ኦላናን ትተውልናል። ወንድማቸው ያልኩት አውቄ ነው፤ አማች ብሎ መጻፍ እጄ እንቢ አለኝ።

ትናንት አቶ ወልደገብርኤል ቤት መጥተው «የማነበው እኔ ነኝ» አሉኝ። «እንግዲያው አስቀድመው ይዩት» ብላቸው «አላይም። እንደ ጻፍሽው አነበዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልቀንስም» አሉ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ እስካሁን የሰማችሁት ሁሉ በእርሳቸው አንደበት ነው። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

አቶ ቀናው ሆን ብለው አላደረጉትም።

ወንድሜ ወልደገብርኤል፣ ድምፅዎ እንቢ ካለዎት ትንሽ ይረፉ፤ ሕዝቡ ይጠብቅዎታል። ካላመኑት ወደሚቀጥለው መስመር ይለፉ፣ አልቀየምዎትም። ካመኑት ግን ፊትዎን ወደ አስከሬኑ አዙረው አንድ ጊዜ ይድገሙላቸው።

እግዚአብሔር የወንድማችንን የደከመች ነፍስ ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይላክ፤ የቀረነውንም ሳንተማመን ከመለያየት ይጠብቀን። አሜን።