እማዬ፣ አንድ ሹፌር ስለ እኔ ከጠየቀሽ

ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ወገብሽ እንዴት ነው? ያ የላክሁልሽ ቅባት ተስማማሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሁለት ቀን ተቀብተሽ መደርደሪያ ላይ ረሳሽው? የአባባ ጉልበትስ? አሁንም ምንም አላመመኝም እያለ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው? ወንድሜ ጭምቱስ ትምህርቱን በርትቶ ይዟል? ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ከተወለደ ጀምሮ አፉ ተዘግቶ አያውቅም። አክስቴስ ሰላም ናት? የሻይ ቤቱ ጣሪያ ተጠገነ ወይስ ዛሬም ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ትደቅኛለሽ? እኔን ከጠየቅሽኝ በአካሌ ምንም አልሆንኩም። በሐሳቤም ደህና ነኝ ብልሽ ግን ስለምታውቂኝ አታምኚኝም።

ሰሞኑን ያልደወልኩልሽ አኩርፌ አይደለም። አንቺ ስልክ የምታነሺው ድምፁን ለቀሽ፣ ብርጭቆ እያጠብሽ ነው፤ እኔ እዚህ እማዬ ስል እዚያ ያለው ሹፌር ሁሉ አቤት ይለኛል። አሁን የምነግርሽ ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ የሚሰማ ነገር አይደለም። ስለዚህ በሰው እጅ ላክሁት። ደብዳቤውን ያመጣችልሽ ነርስ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ከእሷ በቀር ማንንም አትመኚ። ከአባባ ጋር ጓዳ ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ አንብቡት። የአንዲት ሴትና የልጇ ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው፤ አሁን ደግሞ እስከ አንቺ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል።

ከሥራዬ ልጀምርልሽ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባሽም። ጎረቤት ሲጠይቅሽ ልጄ ኮምፒውተር ትጠግናለች ትያለሽ አሉ። አልጠግንም እማዬ፤ የምሠራው ድረ ገጽ ነው። እሱንም ከባዶ አንነሳም። የማናውቃቸው ሰዎች በየአገሩ ተቀምጠው የጻፉት፣ ማንም በነፃ ወስዶ እንደ ፍላጎቱ የሚያስተካክለው ሥርዓት አለ፤ ኦፕን ሶርስ ይሉታል። እኛ እሱን አምጥተን ለትምህርት ቤቱም፣ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለልብስ ሻጩም በየልኩ እናበጅለታለን። ቀለሙን እንቀይራለን፣ የጎደለውን እንጨምራለን፣ መታየት የሌለበትን እንደብቃለን። ዋናው መደበቁ ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ቢሮአችን ውስጥ ሦስት ነን። የቢሮው ባለቤት አቶ ነገ ይባላል፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ምን ቢጠይቁት መልሱ ነገ ስለሆነ። ሌላው በቅርቡ የተቀጠረው ባልደረባዬ ነው፤ እሱ ደግሞ አቶ አሁኑኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ካየ ሳይጠርግ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። በሁለቱ መሃል ተቀምጦ መሥራት ግን እድሜ ያሳጥራል።

ከደንበኞቻችን አንዱ የሴቶች መጠለያ ነው። ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች ከነልጆቻቸው ተደብቀው የሚኖሩበት ቤት ነው። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሴቶቹ የሚሰፉት የሕፃናት ልብስ በድረ ገጹ ይሸጣል፤ ዕቃው በሞተረኛ ይላካል እንጂ ገዢ ግቢው ጋ ድርሽ አይልም። ፎቶውን እያነሳሁ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ እጇ የተባረከ ነው፣ በምትሰፋው ቀሚስ ሁሉ አንገቱ ጋ ትንሽ ቅጠል ትጠልፋለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ክንዷን ሰብሮባታል። ጥላው ስትወጣ የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ ብሎ ዝቶባታል። ትምህርት ቤት ያልገባች አንዲት ልጅ አለቻት።

ሥርዓቱ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የተሠራው ለተራ ሱቅ ስለሆነ ካልከለከሉት በየልብሱ ሥር ሁለት ነገር ያወጣል፤ ዕቃው የሚነሳበትን አድራሻና የለጠፈውን ሰው ማንነት። አቶ ነገ ገና ሲጀመር ሁለቱንም ደብቋቸዋል፤ ግን የደበቃቸው ከዋናው ፋይል ውስጥ ገብቶ ነው። በእኛ ሙያ ይህ ነውር ነው። የራስህን ለውጥ ለብቻው በሌላ ፋይል ታስቀምጣለህ እንጂ የባለቤቶቹን ጽሑፍ አትነካም። ለምን ብትዪ፣ የሻይ ቤትሽ ግድግዳ የአከራይሽ አይደል? ዋጋሽን ግድግዳው ላይ በቀለም ብትጽፊው እሱ ቀለም ያስቀባ ቀን ይጠፋል፤ በሰሌዳ ጽፈሽ ብትሰቅይው ግን አውርዶ፣ ቀብቶ፣ መልሶ ይሰቅልልሻል። የሥርዓቱ ጸሐፊዎችም በየጊዜው አዲስ ያወጣሉ፤ አዲሱ ሲጫን አሮጌውን ፋይል ጠራርጎ ይተካዋል። ይህን አይቼ ለአቶ ነገ እስኪሰለቸኝ ነገርኩት። ምን እንዳለኝ ልንገርሽ ወይ?

ሐሙስ ጠዋት ሥርዓቱ ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኝቷልና ፈጥናችሁ አዲሱን ጫኑ የሚል ማሳሰቢያ መጣ። ቀድሞ ቢሮ የገባው አቶ አሁኑኑ ነበር። አቶ ነገ ምን እንዳደረገ የነገረው ሰው የለም፤ የሁሉንም ደንበኞች ገጽ በአንድ ቁጭታ አደሰና ደስ ብሎት ቁርሱን ሊበላ ወጣ። ያደረገው እኮ ትክክል ነው እማዬ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር።

እኔ ከመጠለያው አዲስ ቀሚስ ፎቶ አንስቼ ስመለስ ገጹን ከፈትኩና ክው አልኩ። ከልብስ ሰፊዋ ቀሚሶች ሥር የመንገዱ ስም፣ የቤቱ ቁጥር፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ አረንጓዴ በር የሚለው ምልክት ሳይቀር ተዘርግፏል። ከዚያ በታች የእኔ ሙሉ ስም አለ። ከስሜ ሥር ደግሞ ሥራ የገባሁ ሰሞን ሥርዓቱ ስለ ራስሽ ጥቂት ጻፊ ሲለኝ የሞላሁት አለ፤ የትውልድ ከተማዬ፣ እናቴም በከባድ መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት አገር ያወቀው ሻይ የምታፈላ ሴት ናት የሚል ጉራዬ።

ገጹን ልዘጋ ብል በጥድፊያ የይለፍ ቃሉን ተሳሳትኩ። ደግሜ ተሳሳትኩ። አንድ ጊዜ ብደግም ሥርዓቱ ሊቆልፍብኝ ነው። እጄን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ፊደል በፊደል ጻፍኩት። ገባ። ገጹን ከነአካቴው ዘጋሁት። ነገር ግን የፍለጋ ድርጅቶች ያዩትን ገጽ ቅጂ ያስቀራሉ፤ የሕፃናት ቀሚስ ብዬ ብፈልግ አድራሻው እንዳለ ተዘርግቶ መጣ። አጥፉልን ብለን ጻፍን፤ ጥያቄያችሁ ደርሶናል ተባልን። እስከዚያ ማን አየው፣ ማን አላየውም? የሚነግረኝ አልነበረም።

የመጠለያው ኃላፊ ቆፍጣና ሴት ናት። ደውዬ ስነግራት ማን አጠፋ ብላ አልጠየቀችም፤ ሳይመሽ ሁሉንም አወጣቸዋለሁ፣ አንቺ ነይና አግዢኝ አለችኝ። ለልብስ ሰፊዋ እኔው ልንገራት ብዬ ገባሁ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። የጀመረችውን የአዝራር ቀዳዳ ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ቀሚሱን አጠፈች። ከዚያ በስልክም ይታያል ወይ አለችኝ። ይታያል አልኳት። ያቺን ቅጠል ባሌ ያውቃታል፣ እሱ ቤት ሳለሁም የልጄ ቀሚስ ላይ እጠልፋት ነበር አለች። ኃላፊዋ ለጊዜው ያገኘችው የመደበቂያ ቤት ለሁሉም ስላልበቃ እሷንና ልጇን እኔ ጋ ወሰድኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጭነት የሌለው ከባድ መኪና ዳቦ ቤቱ ጋ ቆመ። የወረደው ሰው አረንጓዴውን በር አንኳክቶ ለልጄ ቀሚስ ልገዛ ነበር አለ። ዘበኛው ቤቱ ለኪራይ የተለቀቀ ባዶ ቤት ነው ብሎ መለሰው። ሰውየው አልተቆጣም። አመሰገነ፣ አባቴ አለው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ጥላ ያዙ ብሎት ሄደ። ዘበኛው ሊነግረን ሲመጣ እንዲያውም ጨዋ ሰው ነው አለን። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እሱ ነው አለች። ሲቆጣ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ሲያመሰግን ነው አለች።

አቶ ነገ በዚያው ቀን ለውጦቹን ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል አዛወረ፤ እንደ ሰው ቶሎ ሲሠራ ሳየው ይብስ ተናደድኩ። አቶ አሁኑኑ ደግሞ ፊቱ ገርጥቶ መብራት እንኳ ሳያስፈቅድ አያበራም። አንዳችንም ለሌላው ይቅርታ አላልንም። እኔም ይቅር ብያለሁ ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ገና ሆዴ አልሻረም። ገጹ አሁን ተስተካክሎ ቆሟል፤ ኃላፊዋ ሌላ ግቢ እስክታገኝ አንከፍተውም። የፍለጋው ቅጂም ተነስቷል። ካየው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን ማን ያነሳዋል?

እናትና ልጅ እኔ ክፍል ናቸው። ልጅቷ አልጋዬን ወርሳለች፤ ስትተኛ እንደ ጭምቱ ትራገጣለች። እናቷ በእጇ እየሰፋች ትውላለች፤ የስፌት ማሽኑ ድምፅ አለው ብላ አላስነሳም አለችኝ። መንገዱ ላይ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር መርፌው አየር ላይ ይቆማል። ፖሊስ ቃላችንን ተቀብሏል፤ ጠበቃዋም እንዳይጠጋት ፍርድ ቤት አመልክታለች። ትእዛዙ እስኪወጣ መደበቅ ነው ያለን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሰውየው ቤቱ ባዶ ነው ስለተባለ በእጁ የቀረው የእኔ ስምና ያንቺ ሻይ ቤት ብቻ ነው። ጭነቱን የሚያመላልሰው ደግሞ በእናንተ በኩል ነው። ረጅም፣ ሲስቅ ዐይኑ የሚጠፋ፣ አነጋገሩ ቀስ ያለ ሰው ነው አለችኝ ልብስ ሰፊዋ። ምላሱ ቅቤ ነው። ሻይሽን ያደንቃል፣ ወገብሽን ይጠይቅሻል፣ ባልዲውን ከእጅሽ ተቀብሎ ይደፋልሻል። ትወጂዋለሽ እማዬ። ከሁሉ ያስፈራኝ ይኸው ነው። ከዚያ ልጅሽ ሥራ ሠርታልኝ አድራሻዋ ጠፋኝ ይልሻል። ይህ ካልሆነለት ታማለች ሲሉ ሰማሁ ብሎ ሊያስደነግጥሽ ይችላል፤ ከነርሷ አፍ ካልሰማሽ በቀር ምንም ቢልሽ አትመኚ።

ከባንኮኒው በላይ የሰቀልሽውን የምረቃ ፎቶዬን ዛሬውኑ አውርጂልኝ። ምስማሩ ባዶውን እንዳይቀር የቀን መቁጠሪያ ስቀይበት። ስለ እኔ ከሹፌር ጋር የሚወራ ወሬ ይቅር፤ ይህ ለአንቺ ጾም እንደማለት ነው፣ አውቃለሁ። በስልክም ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳትዪ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ከሰውየው ጋር ጠብ እንዳይገጥም ንገሪው፣ ቁጣው ብቻውን ምስጢሩን ያወጣዋል። ጭምቱን ጆሮውን ቆንጥጠሽ በጣም እንደናፈቀኝ ንገሪው፤ ከሰው ፊት እህቴ እንዳይል አስምይው፣ የሚወደው ነገር ካለ በዚያ ይማልልኝ። አክስቴን ደህና ናት ብለሽ ሰላም በያት፤ ከዚህ የበለጠ ከነገርሻት ሳይመሽ መናኸሪያው ይሰማዋል። ልብስ ሰፊዋም ሳታውቅሽ ሰላምታ ታቀርብልሻለች፤ በእናትሽ ላይ ይህን ጭነት በመጣሌ ይቅር ይበሉኝ ብላለች።

አንቺን ግን እማዬ፣ በሰላምታ ፋንታ እለምንሻለሁ። ያ ሰው ብርጭቆውን አስቀምጦ ሴት ልጅ አለሽ ወይ እናቴ ብሎ ከጠየቀሽ፣ ዐይኑን እያየሽ ሴት ልጅ አልወለድኩም በይው። ቃሉ ከአፍሽ እንደማይወጣልሽ አውቃለሁ፤ እኔም ስጽፈው እጄ ከብዶኛል። ግን በይው፤ አልቀየምሽም። ሄዶ፣ የመኪናው ድምፅ ከራቀ በኋላ ጓዳ ግቢና ስሜን ጥሪልኝ።

ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል
ሚያዝያ ፳፫ ቀን