ጃቫ ላይ ቢደምንስ?

ሰርካዲስ፣

እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስም ጠዋት ጠዋት እንደ ደሴ ጉም ይለብሳል። ያረፍኩበት ቤት ልጅ ሳብሪያ ጉም ባየች ቁጥር ትደነግጣለች። ነገ ከዩኒቨርሲቲዋ ሰዎች ጋር ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ትሄዳለች። ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ በዙሪያዋ የሚታዩትን ኮከቦች ፎቶ አንስተው፣ የፀሐይ ስበት ብርሃናቸውን ምን ያህል እንደሚያጎብጠው ይለካሉ፤ ድሮ እንግሊዞች አፍሪካ ድረስ መጥተው እንደሞከሩት።

ቁርስ ላይ አባቷ ጋሽ ሸረፈዲን፣ «ፀሐይ ስትጨልም ሰላት ነው እንጂ ፎቶ አለ እንዴ?» አሉ።

«አባዬ፣ ጨለማው እኮ ጥቂት ደቂቃ ነው! ካሜራውን ጥዬ ልስገድ?»

ሁላችንም ማኘክ አቆምን።

«አንሺና ስገጂ» አሉ በመጨረሻ። «ፀሐይዋ ጨርሳ እስክትገለጥ ጊዜ አለሽ።»

«ከደመነስ?»

«ከደመነማ ሥራ ፈትተሽ የለ? ስትሰግጂ ትውያለሽ።»

እኛ ሳቅን፤ እሷ ግን ዳቦዋን አስቀምጣ ተነሣች። ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋችው ለዚህች ቀን ነው።

እናትሽን ሳሚልኝ። ስለ ጃቫ ሰማይ ይጸልዩልን፤ እኔ ከልጅቷ ብሼ ፈርቻለሁ።

እታገኘሁ