በሌላ ሰው ክንድ የተለካ ግፊት

ለባለቤቴ ለታደሰ፣

ከተለያየን ዘንድሮ ግንቦት ላይ ስድስት ዓመት ሞላን። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማላገኝበትን ጥያቄ መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ። የምነግርህ ግን አለኝ። የምቆጣህበትም አለ፤ እዚያ እስክደርስ የቤቱን ወሬ ላስቀድም።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳው ቆርቆሮ ዝጎ ስለነበር አስቀየርኩት። ከደጃችን እስከ ዋናው መንገድ ድንጋይ ተነጥፏል፤ በክረምት ጫማችንን በእጃችን ይዘን የምንሄድበት ዘመን አለፈ። አቮካዶው ዛሬም ወደ ጎረቤት አዘንብሎ ለእነሱ ያፈራል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ልጃችን ዳዊት አንተ በሠራህበት የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ እስከ ቅርብ ጊዜ የሚወጣውም አንተ ትወጣበት በነበረው መኪና ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ታዴ፣ አንተ ጫማህን አፉን ወደ በሩ አዙረህ፣ ክሩን አላልተህ ታስቀምጥ ነበር። ሱሪህን ከላዩ ታጥፋለህ። ቆመህ ትበላለህ፤ ሻይህን ምላስህ እስኪቃጠል ድረስ በትኩሱ ትጨርሰዋለህ። በእረፍት ቀንህ እንኳ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ይወጣል። እኔ ደግሞ ልጆች ደብተራቸውን አስተካክለው እንዲይዙ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሁሉ ሥርዓት አድርጌ አየሁት። እንዲህ ያለ ባል በማግኘቴ ኮራሁ። ሥርዓት አልነበረም። ሰውነትህ ከሥራ ወደ ቤት መግባት አቅቶት ነበር።

የቴፒው የቡና መጋዘን ሲቃጠል ለእርዳታ ሄደህ ሦስት ቀን የቆየህበትን አስታውሳለሁ። ስትመለስ የቡና እሳት ክፉ ነው አልከኝ፤ ከላይ የጠፋ ይመስላል፣ ጆንያው ሲገለበጥ ግን ከውስጡ ፍም ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ሳምንት ሌሊት እየተነሳህ የእኛን ሁለት የቡና ጆንያ በመዳፍህ ትዳብስ ነበር። አማን ከተማ ውስጥ ደግሞ ሳትደርስላቸው የቀረህ አንድ ቤት ነበር። ስለ እሱ አንድ ቀን ብቻ ነገርከኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሄደህ አታውቅም፤ ገበያ ስንወጣ ሁልጊዜ ዙሪያውን እንሄድ ነበር፣ እኔም ለምን እንደምንዞር ጠይቄህ አላውቅም።

ማጅራትህን ሲይዝህ «ብርድ ነው» ትለኛለህ። እንቅልፍ ሲያጣህ «ዕድሜ ነው» ትላለህ። እኔም ነጭ ሽንኩርት በማር አድርጌ እሰጥህ ነበር። ደግሞስ ምን ያሳስበኛል? በየዓመቱ ከጣቢያው የምርመራ ወረቀት ታመጣለህ፤ ግፊት፦ ደህና ይላል። በዓመተ ምሕረት ደርድሬ በፋይል አስቀምጠው ነበር።

ጡረታ በወጣህ በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት የጫማህን ክር እያሰርክ ወደቅክ፤ አልተነሳህም። ለእሳት የጠራህ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ግፊቱ የቆየ ነው፣ ዓመታት ሲጎዳው ኖሯል ሲለኝ ተከራከርኩት። «እኔ ወረቀት አለኝ» አልኩት። ፋይሉን ይዤ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ነበር፤ ወጣቱ ሐኪም አየው፣ አየኝ፣ መለሰልኝ።

አሁን ወደ ቁጣዬ እመጣለሁ።

በዚህ ዓመት ዝናቡ ጠንክሮ ፋይሉን ሻጋታ ጀመረው። ወረቀቶቹን ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው፤ መነጽሬን አድርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። ክብደት፦ ሃምሳ አራት ኪሎ። ታዴ፣ አንተ ሃምሳ አራት ኪሎ የሆንክበትን ዘመን እናትህ ካላስታወሰች እኔ አላስታውሰውም። ለሠርጋችን ኮት ስትለካ እንኳ ልብስ ሰፊው ጨርቅ አስጨምሮናል። የሚቀጥለውን ዓመት አየሁ፤ ሃምሳ አራት። ከዚያ በፊት ያለውንም፤ ሃምሳ አራት። መዝጋቢዋ ተሳስታ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ከዚያ ዳዊት ባለፈው ዓመት ያመጣውን ወረቀት ከቴሌቪዥኑ ሥር አወጣሁ። ሃምሳ ሰባት ይላል። ልጅህ በበራችን ጎኑን አዙሮ የሚገባ ሰው ነው።

በጣቢያችሁ ያን ክብደት የሚመዝን አንድ ሰው ብቻ አለ፤ አንተ ሥራ ያስተማርከው ቀጭኑ ጌታሁን። በነዚህ ዓመታት ሦስት ኪሎ ጨምሯል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አስጠራሁት። መጥቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቶቹን ፊቱ ሳስቀምጥለት አልካደም። የምትመረምረው ሲስተር በየዓመቱ አዲስ ናት፣ ፊት አትለይም፤ እሱ አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአንተ ስም፣ አንዴ በሌላው ስም ተነስቶ ክንዱን ይሰጣል። ስሙንም «ወኪሉ» አላችሁት። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ቲቸር፣ ግፊት የተገኘበት ሰው ከመኪና ይወርዳል። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከመኪና ከሚወርድ ሞቱን ይመርጣል» አለኝ። የተናገረውን ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ።

ተቆጥቼሃለሁ። እሳት ውስጥ ገብተህ ሰው የምታወጣ ሰው ክንድህን ለመለኪያ መስጠት ፈራህ። ራሴንም አልማርኩም። ከሃምሳ ልጆች ደብተር ውስጥ የጎደለች አንዲት ነጥብ የምትታየኝ ሴት፣ ባሌን የሚመለከት ወረቀት ላይ የምፈልጋትን አንድ ቃል ብቻ አንብቤ አስቀመጥኩ። ይህን ጥፋት ሁለታችንም እኩል እንካፈለዋለን። ለልጃችን ግን አናወርሰውም፤ እሱም ጫማውን ወደ በሩ ማዞር ጀምሯል፣ እሱም ማጅራቱን ሲይዘው ብርድ ነው ይለኛል።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ባጃጅ ተሳፍሬ ጣቢያ ሄድኩ። የጣቢያው ኃላፊ ሦስተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ስገባ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ስም ዝርዝሩን ስጡኝ፣ እኔ እጠራለሁ አልኩ። ሲስተሯ ደስ አላት፤ ሥራ የቀለለላት መስሏት ነበር። እንደ ክፍሌ አንድ በአንድ ጠራሁ። ጌታሁን ተለክቶ ተቀመጠ። ቀጥዬ ዳዊት ታደሰ ስል፣ ጌታሁን ከልማዱ ብዛት እንደገና ብድግ አለ።

«ተቀመጥ፤ አንተን ጠርቼሃለሁ» አልኩት።

ከኋላ አንዱ «ወኪሉ ዛሬ ከሥራ ተባረረ!» ሲል ሁሉም ሳቁ። ዳዊት ብቻ አልሳቀም። «እማዬ፣ በሰው ፊት?» አለኝ። «በሰው ፊት» አልኩት። መጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ሲስተሯ ለካችው፣ በሌላው ክንዱ ደግማ ለካችው፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ አለችው። ሳቁ ቆመ። ከእሱ በኋላ የጠራኋቸው ሁሉ በገዛ እግራቸው መጡ፤ ሆስፒታል የተላከውም ዳዊት ብቻውን አልነበረም።

ኃላፊውን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ትእዛዝ እንደሆነ ገብቶታል። በግፊት ምክንያት ከመኪና የሚወርድ ሰው የራስ ቁሩ ከነስሙ ከተሰቀለበት እንዳይነሳ፣ መድኃኒቱ ሲያስተካክለውና ሐኪም ሲፈቅድለት ተመልሶ እንዲወጣ። እሺ አለኝ። ዳዊት አሁን የአደጋ ጥሪ በሚቀበለው ስልክ ላይ ነው የሚሠራው፤ የራስ ቁሩም በቦታው አለ። ሄጄ አይቻለሁ።

ሦስት ሳምንት አላነጋገረኝም። ስልክ ላይ ከመቀመጥ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ይሻለው እንደነበር ለሚስቱ ነግሯታል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መጣና ተቀመጠ። ተቀምጦ በላ፤ ሻይው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ የአባዬን ፋይል አምጪልኝ አለኝ። ሃምሳ አራት ኪሎ የሚለውን ሲያነብ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ እንባው ከሳቁ በኋላም ስላልቆመ እኔ ሰሃኖቹን ማንሳት ያዝኩ። ትክክለኛው ስንት ነበር አለኝ። ሰማንያ ሁለት አልኩት። ግፊቱስ አለኝ። ፋይሉን ከእጁ ወስጄ ዘጋሁት።

እሱ ከሄደ በኋላ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሃምሳ አራቱን ሰርዤ ሰማንያ ሁለት ጻፍኩ። «ደህና» የሚለውንም ሰረዝኩት፤ በቦታው ግን ምንም አልጻፍኩም። የማላውቀውን አልጽፍም፤ ያንን ደግሞ ከእኛ ከሁለታችን ማንም አላወቀውም።

ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ በየዓመቱ ሄጄ ስም እጠራለሁ፤ ጉልበቴ ሲደክም ዝርዝሩን ለዳዊት እሰጠዋለሁ። ሁሉንም ጠርቼ ስጨርስ፣ መጨረሻ ላይ ድምፄን ሳላወጣ ታደሰ እላለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። በአንተ ቦታ ግን ማንም እንዲነሳ አልፈቅድም።

ባለቤትህ አስካለ