ለንደን ያልገባችው ዱርጋ

ውድ ዲፔን፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ባነበብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ግን በስልክ ሁልጊዜ የምታሸንፈው አንተ ነህ። ገና አፌን ስከፍት «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ፤ ከዚያ ስብሰባ አለብህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለንደን ያለው ሙዚየማችሁ ሌላ የእናት አምላካችን የዱርጋ የጭቃ ምስል እንድሠራለት ይፈልጋል አልክ። ልክ እንደ መጀመሪያዋ ሆና፣ በዚህ ጊዜ ግን ፊቷ በቀዩ የሲንዱር ዱቄት የቀላ፣ ከንፈሯ ላይ ጣፋጭ የተቀባ። የሰፈሩን ሴቶች በየካቲት አንድ ቀን ሰብስቢና ካሜራ ፊት ይቀቧት አልከኝ። ዲፔን፣ አንተ የተወለድከው እኮ እዚሁ የኛ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ለበዓሏ በጥቅምት ከባሏ ቤት መጥታ በጥቅምት የምትመለስን እንግዳ በየካቲት ማን ይሸኛታል?

አንተ የምታውቀው ፎቶግራፉን ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ። የሰፈራችን ክበብ የዘንድሮውን የበዓል ዳስ እንድሠራ ሲጠይቀኝ አሮጌዎቹ ቤቶች እየፈረሱ ነበር። የነፖልቱን ቤት ታስታውሰዋለህ? አሁን ፎቅ ሆኗል፤ ሊፍት አለው፣ ሰው ግን የለውም። አፍራሾቹ የሚጥሏቸውን አረንጓዴ የእንጨት መስኮቶች እየለቀምኩ ዳሱን በሙሉ በነሱ ሠራሁት። ከመስኮቶቹ ኋላ ዱርጋን አቆምኳት፤ ቀለም ያልነካት ጥሬ ጭቃ፣ በመንገድ ማን እንደሚያልፍ ለማየት ብቅ ያለች የቤት እመቤት መስላ። አሥሩ እጆቿ መሣሪያ አልያዙም፤ እያንዳንዱ እጅ አንድ መስኮት ይከፍታል። ሥራው ይኸው ነው።

አለቃህ፣ ያቺ ረጅሟ ሴትዮ፣ ልታየው ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከየትኛው ጥንታዊ የእጅ ጥበብ እንደቀዳሁት ጠየቀችኝ። ከአፍራሾቹ ክምር አልኳት። ስለ ሴቶች ስቃይ ነው ወይ አለችኝ። ስለ መስኮት ነው አልኳት። ፈገግ ብላ ጻፈች። ከዚያ አንተ ለግድግዳው ያዘጋጀኸውን ጽሑፍ ላክህልኝ፤ «የቆሰለች ሕንዳዊት ዝምታ» ይላል። የቱ ቁስል? የቱ ዝምታ? የኛ ሰፈር ሴቶች ዝም ብለው ያውቃሉ?

እዚያ ያለ ሠዓሊ ወንበር ቢስል ወንበር ነው። እኔ ወንበር ብስል የሕንድ ወንበር ይሆንና ማን እንደተቀመጠበት፣ ማን እንዳይቀመጥበት እንደተከለከለ አስረጂ እባላለሁ። ኮሌጅ ሳለን ይህን የምትናገረው አንተ ነበርክ፤ ሻይ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደብክ። አብሮን የተማረው ፕሮቢር ነገሩን ተረድቶ ከጨረሰው ቆይቷል። ዛሬ የሚሠራው ነገር ሁሉ ላይ የእርድ ዱቄት ይበትናል፤ እርድ የሌለበት ሥራ ባሕር አይሻገርም ይላል። ስቱዲዮው ሲገባ ያስነጥሳል፤ ለቬኒሱ የጥበብ ኤግዚቢሽን ግን ሁለቴ ሄዷል።

ግን አልዋሽህም፣ እኔም ፈልጌዋለሁ። የሠራሁት ሁሉ ወንዝ ገብቷል። ወራት እለፋለሁ፣ ሕዝቡ እየተጋፋ ያየዋል፣ በዓሉ ሲያልቅ እንደ ወጉ ወንዝ ይገባና ውሃ ይበላዋል። ይህ የኔ ነው ብዬ የማሳየው አንድ ነገር የለኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ሥራዬ አንድ ቦታ ቆማ፣ የማያውቀኝ ሰው በዝናብ ቀን ገብቶ ፊቷ ቢቆም ብዬ ተመኘሁ። ለንደን ትሂድ ስትለኝ እሺ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ሰፈሩንም ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ካህኑ አልተቸገሩም። በመጨረሻው ቀን ውሃ የሞላ ሳህን ውስጥ መስታወት አስቀምጠው፣ የእናታችን መልክ እዚያ ውስጥ ሲታያቸው እንደሚሰናበቷት ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ እሷ ሄዳለች፣ የቀረው ጭቃና ጭድ ነው፤ ጭቃውን ለንደን ብትወስዱት ምን ቸገረኝ አሉ። የክበቡ ጸሐፊ ቦልቱዳ ደግሞ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። «ለንደን የምትሄደው ዱርጋ» የሚል ጨርቅ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ሰቀለ። ከሌላ ሰፈር የሚመጣው ሰው ብዛት መንገዱን ዘጋው።

በዓሉ ከገባ በኋላ ደግሞ መመሪያህ መጣ። ሲንዱሩ ያበላሻታል፣ ስኳሩ ነፍሳት ይስባል፣ ስለዚህ ማንም እንዳይነካት፣ ልክ እንደ ፎቶግራፉ ሆና ትምጣ አልክ። ለቦልቱዳ ስነግረው ራሱን አከከ።

«ኢራ፣ ሴቶቹን አንቺው ንገሪያቸው» አለኝ። «እኔ ሚስት አለችኝ።»

ካህኑ መስታወቱን እንዳነሱ ማንም እንዳይቀርባት ፊት ለፊቷ ገመድ ዘረጋሁ። ሴቶቹ ቀይ ጥለት ያለውን ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው፣ ጣፋጩንና ሲንዱሩን በሳህን ይዘው መጡና ገመዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የሰማሁትን ስድብ ሁሉ አልጽፍልህም። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ሚታሊ ግን ሳህኗን አፍንጫዬ ሥር ይዛ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጅ ወደ ባሏ ቤት ልትመለስ ነው። ፊቷን ሳንጠርግላት፣ አፏን ሳናጣፍጥላት፣ እንዲሁ እንደ ባለዕዳ እናባራት? አንቺ ባል ቤት ሄደሽ ስለማታውቂ ነው።» ሁሉም ሳቁ። ተናድጄም እኔንም ሳቅ አመለጠኝ።

ከዚያ ሁላችንም ማሺማ የምንላቸው እናትህ መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ማሺማ እንደምታውቃቸው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«ይህን ገመድ ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ ማሺማ። ያዘዘው ግን ልጅዎ ነው።»

«ዲፔን?»

«አዎ። ማንም እንዳይነካት ብሏል።»

ገመዱን ትንሽ አዩት። «እጄን ታጥቤያለሁ በይው» አሉና ከፍ አድርገውት አለፉ።

ላስቆማቸው እችል ነበር። ቦልቱዳ ጎረምሶቹን ይዞ ዳር ቆሟል፤ የኔን ዓይን ነው የሚጠብቀው። ሥራዬን አየኋት፣ እናትህን አየኋቸው። ከዚያ ሄጄ የሚወጡበትን በርጩማ ያዝኩላቸው፤ ጉልበታቸው እንደማይታዘዝላቸው ታውቃለህ ብዬ ልገምት። ፊቷን በፓን ቅጠል ጠረጉላት፣ ጣፋጩን ከንፈሯ ላይ አደረጉ፣ ግንባሯን ቀቡ፣ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። ከሳቸው በኋላ ያንን ሕዝብ የሚያቆም ገመድ አልነበረም። ሲጨርሱ ጥሬው ጭቃዬ ከግንባር እስከ አገጭ ቀይ ሆኗል፣ አንድ ጣቷም ተሰብሯል። አለቀስኩ። ከሠራኋትም በላይ አምራ ነበርና ለየትኛው እንዳለቀስኩ ራሴም አላውቅም።

እንዲያ ሆና ለንደን ትሂድ ያለ አልነበረም። ከበሮው ተመታ፣ መኪናው ላይ ወጣች፣ ወንዝ ወረደች። አንተም ደውለህ ጮህክብኝ። ዕድልሽን በገዛ እጅሽ አሰጠምሽው አልከኝ። ያንን ቻልኩት፤ እውነትነት ነበረው።

ይህን አዲሱን ደብዳቤህን ግን አልችለውም። አንድ ሰው በስልኩ ያነሳው ቪዲዮ ዞሮ ዞሮ እናንተ ቢሮ ደረሰና ሁሉም አበደለት። ትናንት እድፍ የነበረው ሲንዱር ዛሬ ሕይወት ያለው ጥበብ ሆነ። ጭቃው ያው ጭቃ ነው፤ ሴቶቹም ያው ናቸው። ምን ውብ ምን ቆሻሻ እንደሆነ የሚወስነው እዚያ ያለ ሰው ዓይን ብቻ ከሆነ፣ እኛ እዚህ ምን እያደረግን ነው? አንተስ እዚያ ምን እያደረግክልን ነው? እኔ ከኛ አንድ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አለ ብዬ እኮራብህ ነበር።

መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ጽፈሃል፦ «በተለይ በርጩማው ላይ የወጣችው አሮጊት ሁሉንም አስደምማለች። በጆሮዋ ምን እንዳለቻት ጠይቂልን፤ ተተርጉሞ ግድግዳው ላይ ይጻፋል።»

አሮጊቷ። ቪዲዮው ከኋላ ነው የተነሳው፤ አላወቅካቸው ይሆናል። ወይም አውቀሃቸው ለአለቆችህ እናቴ ናት ማለት ከብዶህ ይሆናል። የትኛው እንደሚብስ ስመዝን ሰነበትኩ፤ ለሳቸውም አልነገርኳቸውም።

መልሴ ይህ ነው። በየካቲት ዱርጋ አልሠራም፣ የማንንም ሴት እጅ ለካሜራ አላከራይም። ሙዚየሙ የኔን ሥራ ከፈለገ መስኮት እሠራለታለሁ፤ የአሮጌዎቹ ቤቶች መፍረስ ገና አላለቀም። ግድግዳው ላይ «መስኮቶች» ተብሎ ይጻፋል፣ ከሥሩ ስሜ፣ ሌላ ምንም። ይህ ካልበቃቸው ይቅር። እንዲቀር አልፈልግም፣ ግን ይቅር።

የተንሾካሾከውን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በርጩማውን ይዤ ስለነበር ሰምቻለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ የሚሏት «ለከርሞ ተመለሺልን» ነው። እናትህ ያሏት ግን እንዲህ ነው፦ «አንቺስ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ለከርሞ ስትመጪ ዲፔንን ይዘሽልኝ ነይ።»

በል ተርጉመው። ግድግዳው ላይ ስታጽፈው «ዲፔን» የሚለውን ስም እንዳትሰርዘው።

ኢራ
ኮልካታ